ለእማሆይ ያንጠለጠልሁት ሜሎን

መስከረም 19 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ንፋስ መውጫ

ዘራሁ! ስድስት ፍሬ በስድስት የወተት ጣሳ። አፈሩን በወንፊት ነፋሁት፣ የደረቀ ፍግ ቀላቀልሁበት፣ ጣሳዎቹን ከምድጃው ጀርባ ሙቀት ካለበት ደረደርኋቸው። ፈንታው ከፍርድ ቤት ሲመለስ ባርኔጣውን አንዱ ጣሳ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ጮህሁበት። የችሎት ጸሐፊ ነውና ጩኸት ለምዷል፤ «ማን ተዘረፈ?» ብሎ ተቀመጠ።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ አለዚያ በኋላ እኔው ራሴ አላምነውም። የፈንታው እናት እማሆይ ሐረገ ወይን በነሐሴ ታመው እዚሁ አገራችን ካለው ከቤተ ልሔም ደብር በቃሬዛ መጡ። ኢየሩሳሌም ተሳልመው ከተመለሱ ጀምሮ በዚያ ደብር አጥር ሥር በጎጆ የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። አሁን በግቢያችን ካለችው ትንሽ ቤት ተኝተዋል። ሕመሙ ለቀቃቸው፣ እህል ግን እንቢ አላቸው። ሽሮ ሠራሁ፣ «አልራበኝም።» አጥሚት አፈላሁ፣ «አልራበኝም።» የተልባ፣ የሱፍ፣ ምኑ ቅጡ! ጎረቤታችን ብርቄ ቆሎ ይዛ ስትመጣ ግን አንድ ጭብጥ ይቀበሏታል። ከእኔ እጅ ውሃ ብቻ።

ባለፈው ሰሞን፣ መቼም ምላሴ አያርፍ፣ «እማሆይ፣ በዚህ ዓለም ላይ ምን ቢያገኙ ይበሉ ነበር?» አልኋቸው። «ኢየሩሳሌም ሳለሁ የቀመስሁት አንድ ፍሬ ነበር። ዱባ ይመስላል። ውስጡ ውሃ ነው፣ ጣዕሙ ማር ነው። እሱን ባገኝ እበላ ነበር» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ፈንታው «የማይገኝ ነገር የጠሩት እንድትተያቸው ነው» አለኝ። እኔ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እዚህ እንግሊዝኛ ታስተምር የነበረችው አሜሪካዊት ወደ አገሯ ስትመለስ የሰጠችኝ የዘር እሽግ በሣጥኔ ውስጥ አለ! በፊቱ ሥዕሉ፣ በጀርባው አተካከሉ። አዲስ አበባ በአዳሪ ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል የለቀምሁት እንግሊዝኛ አንድ ቀን ለአማቴ ጉሮሮ ይጠቅማል ብዬ አስቤም አላውቅ። ሜሎን ይባላል። «ሙቀት ይወዳል» ይላል። ሙቀት! በንፋስ መውጫ!

ጥቅምት 3

አራቱ በቀሉ፣ ሁለቱ ቀሩ። ጣሳውን ተሸክሜ ለእማሆይ አሳየኋቸው።

«ቅል ነው» አሉ።

«ሜሎን ነው፣ እማሆይ። እርስዎ የቀመሱት።»

«ቅል ነው። እኔ ቅል አላውቅም?»

እንግዲህ ከኢየሩሳሌም ተሳላሚ ጋር ማን ይከራከራል።

ጥቅምት 14

የላስቲክ ቤቱ ቆመ! አናጢው ካሴ በባሕር ዛፍ ማገር ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር አጋድሞ ሠራው፤ ላስቲኩን የጭነት መኪና ሾፌር ከደብረ ታቦር አመጣልኝ። ከሥሩ ጉድጓድ አስቆፍሬ ትኩስ የፈረስ ፍግ ሞላሁበት፣ በላዩ አፈር። ፍጉ ሲፈላ ከታች ያሞቃል፤ ይህን ከአዳሪ ትምህርት ቤት አትክልተኛ ያየሁት ነው። ገብቼ ቆምሁ። ከውጭ ብርድ፣ ከውስጥ ቆላ! ካሴን «ና ግባ፣ ሁመራ ውረድ» አልሁት። ገባና ላቡን ጠርጎ «እመቤቴ፣ ሰው ለራሱ ያልሠራውን» ብሎ ወጣ።

ጥቅምት 15

ሌሊት ነፋስ። ላስቲኩ የለም። ቡቃያዎቹ ደኅና ናቸው፣ ከእኔ ጋር ምድጃው ዘንድ ነው ያደሩት። ላስቲኩ ግን የለም።

ማታ። ከብርቄ ጣራ ላይ ተገኘ። «እኔ ደግሞ ደመና ወረደብኝ ብዬ ስማጠን!» ትላለች እየሳቀች። ጠላ ቤቷ ለነበሩት ሁሉ ተርካዋለች። «አንች ካሣነሽ፣ ዱባሽ ሸማ አማረው እንጅ!» የከተማው ስም እኮ በከንቱ አልወጣም፤ እኔው ነኝ ያልሰማሁት። አሥራ ስምንት ዓመት የኖርሁበትን አገር ነፋስ አላውቅም? ሞኝ።

ጥቅምት 23

ላስቲኩን በጠፍር ጠፍሬ፣ በድንጋይ ጭኜ፣ ዳሩን በአፈር ቀብሬ መለስሁት። አራቱን ቡቃያ ተከልሁ።

ከገበያ ስመለስ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ይሄዱ ነበር፤ አላዩኝም። አንደኛዋ «የፈንታው ሚስት ለዱባ ቤት ሠራች አሉ» ትላለች። ሌላዋ «ምን ታርግ፣ የምታሳድገው የላት» አለቻት። እኔም አለፍኋቸውና ሰላም ብያቸው ሳቅሁ። እውነት ሳቅሁ፤ የእነሱ ድንጋጤ ያስቅ ነበር።

ቤት ገብቼ የቡቃያዎቹን ቅጠል አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። አያስፈልገውም ነበር።

ኅዳር 2

ተናደድሁ። በራሴ ነው የተናደድሁት። እሽጉ ላይ «ግንዱን በገመድ ወደ ላይ አስይዘህ አሳድግ» ይላል። እኔ ደግሞ የቃጫ ገመድ ከጣራው አውርጄ በየግንዱ ጠመጠምሁ። ቃጫ ሸካራ ነው፤ ነፋሱ ላስቲኩን ባርገበገበው ቁጥር ገመዱ እንደ መጋዝ ሲበላት አንዷ ከሥሯ ተቆርጣ ዛሬ ጠወለገች። አፈር ከመርኋት፣ ውሃ አጠጣኋት፣ ለመንኋት። ሞተች። ሦስት ቀሩ።

ፈንታው «ሦስት ይበቃል» አለኝ። ለእሱ ሁሉም ነገር ይበቃል። እናቱ አንድ ጭብጥ ቆሎ በልተው ሲያድሩም «ይበቃቸዋል» ይላል፤ ከዚያ ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል።

ኅዳር 5

ጠዋት የላስቲክ ቤቱ በር ላይ አንድ ልቃቂት ተንጠልጥሎ አገኘሁ። የጥጥ ፈትል ነው፤ በሦስት ተገምዷል፣ ለስላሳ ነው፣ ግን በሬ ያስራል። ወደ እማሆይ ዘንድ ሮጥሁ። እንዝርታቸውን እያሾሩ ቀና እንኳ አላሉም።

«ለጧፍ ፈትዬው ወፈረብኝ። ለጧፍ አይሆንም፤ ጣይው።»

የጧፍ ፈትል በሦስት አይገመድም። ግን እኔ ምን አገባኝ፣ ወስጄ አሰርሁበት። «እማሆይ፣ ትንሽ አጥሚት?» «አልራበኝም አላልሁሽም?»

ኅዳር 12

አበባ! ቢጫ፣ ትንንሽ። ግን ሁሉም ወንድ ነው። ሴቷ ከአበባዋ በታች ትንሽ እብጠት አላት ይላል እሽጉ፤ አንድም የላትም። የጎን ቀንበጡንም መቀንጠስ ጀመርሁ። ብርቄ ይህን ስታይ ደረቷን መታች። «የሚያድገውን ትቆርጫለሽ? እብድ! አጭዶ መዝራት ቀረሽ!» ሐረጉ ጉልበቱን ለፍሬ እንዲያውል ነው ብዬ አስረዳኋት። «ፍሬው የታል?» አለችኝ። ሌላ ቀንበጥ ቀነጠስሁ።

ኅዳር 19

ሴቷ አበባ ወጣች! ግን የላስቲክ ቤቱ ተዘግቶ ይውላልና ንብ አይገባም። ብከፍተው ነፋሱ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ነው የሚያጋባቸው። ወንዱን አበባ ቆርጦ፣ ቅጠሉን ልጦ፣ ዱቄቱን ሴቷ ላይ ማስነካት።

እማሆይ ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተው ከበሩ ላይ ቆመው ኖሯል። «ምን ታረጊያለሽ?» አሉኝ።

«አጋባቸዋለሁ፣ እማሆይ።»

«ጾም አይደለም እንዴ? ነቢያት ገብቷል እኮ!»

«እኔ አይደለሁም የማገባው፣ አበባው ነው።»

«በጾም ሰርግ የለም። ለአንችም የለም፣ ለቅልም የለም። ገና እስኪወጣ ቆይ።»

«እማሆይ፣ ሴቷ አበባ ዛሬ ጠዋት ከፍታ ዛሬ ማታ ትዘጋለች። እስከ ገና ማን ይጠብቃታል?»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሱና፣ «እኔ አላየሁም» አሉ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እንደቆሙ ዳርኋቸው። ስጨርስ «ካህን የሌለበት ጋብቻ» ሲሉ ሰማሁ፣ ወደ ቤታቸው እየሄዱ። ይህ ለአበባው ይሁን ለሌላ ሰው አልጠየቅሁም። እኔና ፈንታው በሰማንያ እንጂ በቁርባን አልተጋባንም፤ ለእሳቸው ይህ ዛሬም ትናንት የተደረገ ነገር ነው።

ኅዳር 28

ሰባት አበባ ዳርሁ፣ ስድስት ፍሬ ያዘ! የዋንዛ ፍሬ ያህላሉ፣ ጠጉር አላቸው፣ እንደ ጫጩት። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ዘፈንሁ። ፈንታው «ለመዝሙር ጾም አይደለም እንዴ?» አለኝ። እናቱን ሊመስል ይቃጣዋል።

ታኅሣሥ 2

አንዱ ቢጫ ሆኖ ወደቀ። ብርቄ «የትኛው ነው?» ብላ በጣቷ ጠቁማ ነበር። እማሆይ ከቤታቸው ሆነው «ጣትሽን ንከሽ! በፍሬ ላይ ጣት ይቀሰራል?» ብለው ጮኹባት። ነከሰች። ግን ረፈደ።

ታኅሣሥ 4

ሌላ። ብርቄ ዛሬ አልመጣችም፤ ስለዚህ ጣት አይደለም። ውሃ አበዛሁ? አሳነስሁ? ቅጠሉን አለቅጥ ቀነጠስሁት?

ታኅሣሥ 7

በአንድ ቀን ሁለት።

ታኅሣሥ 9

ዛሬም አንድ። መሬት ላይ አገኘሁት፣ አውራ ጣቴን ያህላል። አንሥቼ እጄ ላይ ይዤው ቁጭ አልሁ፤ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። እማሆይ መጡ። እንግዲህ ሰው ሲቀመጥ የሚያሳስባቸው ናቸው።

«ስንተኛው ነው?» አሉኝ።

«አምስተኛው።»

ስለ ሜሎን መስሎኝ ነበር የመለስሁት። በኋላ ሳስበው… ለነገሩ ስለ ሜሎን ነው፣ ሌላ ስለ ምን ይሆናል። እማሆይ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩና፣ «አንዱ አለ አይደል» ብለው ሄዱ። ዐይኔ ያለቀሰው ከላስቲኩ ሙቀት ነው፤ እዚያ ውስጥ የገባ ሁሉ ያለቅሳል።

ታኅሣሥ 13

ውርጭ። ግቢው ነጭ። በፍም የተሞሉ ሁለት ማንደጃዎች ላስቲክ ቤት አስገብቼ አመድ ነስንሼባቸው አደርሁ። አንዱ ሐረግ ጥጉ ላይ ያለው ጠቆረ። ፍሬ ያለው ዳነ። እጄ ጥላሸት ነው፣ ደብተሩም።

ጥር 1

ገናን ዋልን። እማሆይ ከበዓሉ ምግብ ምንም አልቀመሱም፤ ጠላ እንኳ በጣታቸው ነክተው ከንፈራቸውን አስነኩ እንጂ። ፈንታው ሥጋውን በፊቱ እንዳለ ትቶት ወጣ። «ለማን ብዬ አረድሁ?» ይላል። እኔ ለማን ብዬ ሠራሁ? እሱ አረደ፣ እኔ ሦስት ቀን ቆሜ ሠራሁ።

ፍሬው ግን የብርቄን ጠላ መጠጫ ዋንጫ አክሏል! ዛሬ ሳየው ግን ጉድ ነው! ልጣጩ ተሰነጣጠቀ። በላዩ ላይ ነጭ ነጭ መስመር እንደ ሸረሪት ድር። ታመመ ብዬ እያለቀስሁ እሽጉን አወጣሁ፤ ሥዕሉን አየሁት። ሥዕሉም እንዲሁ የተሰነጣጠቀ ነው! ጠባዩ ነው። ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። አምስት ጊዜ ሥዕሉን አይቼው መረቡን ጌጥ ነው ብዬ ያለፍሁት እኔ ነኝ።

ጥር 10

ከበደ። ሐረጉ ከፈትሉ ጋር ወደ ታች ተጎትቷል፤ ፍሬው በአንገቱ ብቻ ተንጠልጥሏል። አንድ ቀን ሌሊት «ዱብ» ሊል ነው። ከታች መቀመጫ ዱካ አስቀመጥሁ፣ አልደረሰም። በርጩማ በዱካው ላይ ጨመርሁ፣ ተንገዳገደ። በሻሽ አሰርሁት፣ ሻሹ ላብ ያዘና ልጣጩ ሻገተ፤ ፈታሁት። ፈንታው «ለምን ተኝተሽ አትይዥውም?» አለኝ። ዛሬ ያላነጋገርሁት ለዚህ ነው፤ ራሱ ይወቅ።

ጥር 13

እማሆይ አስጠሩኝ። ጭናቸው ላይ መረብ አለ። የጥጥ፣ ዐይኑ ሰፊ፣ አራት ጆሮ ያለው። ልክ የፍሬውን ያህላል። መቼ ለኩት? እኔ ገበያ ስሄድ ነው መሰለኝ።

«ወፍ ላጠምድበት ነበር» አሉኝ።

«ወፍ ያጠምዳሉ እንዴ፣ እማሆይ?»

«ብያለሁ። ውሰጅው።»

አራቱን ጆሮ ከማገሩ አሰርሁ። ፍሬው በአንቀልባ እንዳለ ሕፃን ተኝቷል። ነፋስ ሲመጣ አብሮ ይወዛወዛል፤ ሐረጉ ግን አይጎተትም። እንዴት ያምራል! ብርቄን፣ ፈንታውን፣ ካሴን፣ መንገደኛውን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ። ሁሉም ጣታቸውን እየነከሱ አዩ።

ጥር 21

ይህን ሳልጽፈው ብተኛ እፈነዳለሁ።

ለእማሆይ «በቅርብ ቀን ይደርሳል፣ እሽጉ እንደሚለው ሽታው ይነግረኛል። ልክ እንደደረሰ ቆርጬ ለእርስዎ ነው» አልኋቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

«ለእኔ?» አሉ። «በኩራቱ ለእኔ?»

«አዎ።»

«የመጀመሪያው ፍሬ የቤተ ክርስቲያን ነው። በኩራት አታውቂም? ትምህርት ቤት ይኼን አላስተማሩሽም?»

«አውቃለሁ፣ ግን አንድ ብቻ እኮ ነው፣ እማሆይ! ሌላ የለም!»

«አንድ ሲሆን ነው በኩራት የሚባለው። ብዙ ካለሽማ ምን ሰጠሽ?»

ጮህሁ። አዎ፣ በመነኩሲት ላይ ጮህሁ። «ከመስከረም ጀምሮ ለማን ብዬ ነው?» አልሁ። እሳቸው ፈትላቸውን ይፈትላሉ። «ለእግዜር ብለሽ ካልሆነ ለእኔ ብለሽ ምን ዋጋ አለው» አሉ። ወጥቼ በሩን በኃይል ዘጋሁት፤ ከዚያ ተመልሼ «ይቅርታ» ልላቸው ስከፍተው «ነፋስ አስገባሽብኝ» አሉኝ።

ጥር 27

ወደ ነፍስ አባታችን ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሄድሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ጢማቸውን እየደባበሱ ሰሙኝ።

«የታመመ ሰው ስለሆኑ እኔ እፈቅዳለሁ» አሉ። «ይብሉ።»

«እንግዲያ መጥተው ይንገሩልኝ፣ አባ!»

«ልጄ፣ እኔ ለእሳቸው እፈቅዳለሁ፤ እሳቸው ግን ለእኔ አይፈቅዱልኝም። ባለፈው የነቢያት ጾም አጥሚት ይጠጡ ብላቸው ንስሐ ሰጥተው መልሰውኛል።»

ሳቅሁ፣ ግን ሳቅ አልነበረም። ማን ይሰማኛል በዚህ አገር?

የካቲት 8

እማሆይ ቀጥነዋል። የክንዳቸው አጥንት በነጠላው ላይ ይታያል። ብርቄ ቆሎውንም ወደ ኋላ መመለስ ጀምረዋል ትላለች። ፈንታው ማታ ማታ በራቸው ላይ ይቀመጣል። «ይበቃቸዋል» ማለት ትቷል።

ሽታ የለም ገና። ውሃ ቀንሻለሁ።

የካቲት 15

ዐቢይ ጾም ገባ። እማሆይ አሁን እስከ ማታ ምንም፤ ማታም ምንም ማለት ነው።

የካቲት 18

ማለዳ የላስቲክ ቤቱን በር ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ። ማር፣ አበባ፣ ሌላ ስም የማላወጣለት። ከአንገቱ ዙሪያ ክብ ስንጥቅ ተሠርቷል። በእጄ ደገፍ ሳደርገው ራሱ ለቀቀ፤ በመረቡ ውስጥ ቀረ። ወይኔ! በመረቡ ውስጥ! መረቡ ባይኖር መሬት ነበር የሚቀበለው።

ለእማሆይ ወሰድሁት። በሁለት እጃቸው ይዘው አሸተቱት። ዐይናቸውን ጨፈኑ። «እሱ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እንቁረጠው፣ እማሆይ?» «በነጭ ጨርቅ ሸፍኝው። እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ትወስጅዋለሽ» አሉና መልሰው ሰጡኝ። እጃቸው ግን ወዲያው አልለቀቀውም።

የካቲት 19፣ ዓርብ

ዛሬ የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ፣ ምንም ሳላስቀር።

ጠዋት እማሆይ ለጸሎት ሲነሱ ወደቁ። እኔና ፈንታው አነሣናቸው። ክብደት የላቸውም፤ አንድ እቅፍ ጭድ ማለት ናቸው። ፈንታው ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። እሳቸው ከአልጋቸው ሆነው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እሑድን እንዳትረሽ። ጨርቁ ይታጠብ።» የወደቁት እሳቸው፣ የሚያስቡት ለጨርቁ!

ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ሜሎኑ በሙዳይ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ቤቱን ሽታው ሞልቶታል። አየሁት። ነፋሱን፣ ውርጩን፣ የወደቁትን አምስቱን አሰብሁ። «እንግዲህ በቃ!» አልሁ ጮክ ብዬ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም። ቢላዋ አነሣሁና ለሁለት ከፈልሁት። ውስጡ ብርቱካን የመሰለ ነው። አንድ ቁራጭ ቆረጥሁና ቆሜ በላሁት። ሌላ ቆረጥሁ። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ ዓርብ ነው፣ ሁዳዴ ነው። ጣፋጭ መሆኑን እንኳ ያስተዋልሁት ሁለተኛውን ስጨርስ ነው።

ዘወር ስል እማሆይ በመቋሚያቸው ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ከዚያ አልጋ እንዴት ተነሡ?

«ምን ትበያለሽ?»

«በኩራቱን» አልኋቸው። ውሸት እንኳ አልመጣልኝም።

«በሁዳዴ።»

«በሁዳዴ።»

«በዓርብ።»

«በዓርብ፣ እማሆይ። ይምቱኝ ከፈለጉ።»

መቋሚያቸውን አላነሡም። ቢላዋውን አዩ፣ እጄን አዩ፣ አገጬን አዩ። ከዚያ ወደ ሙዳዩ ቀረቡና አጎንብሰው የተረፈውን በጥንቃቄ መረመሩት፣ ልክ ዳኛ እንደሆኑ።

«ጨረስሽው?»

«የለም፣ አብዛኛው አለ።»

«የመጀመሪያውን ግን አንች በላሽው።»

«እኔ በላሁት።»

«እንግዲህ በኩራቱ ሄዷል» አሉ። «ይኼ የተረፈው በኩራት አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም የተነካ አትቀበልም። ይኼ እንግዲህ ተራ ዱባ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ኃጢአቱ ያንች ነው። እኔ የለሁበትም። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ክደኝው፣ ዝንብ እንዳይደፍረው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ጸሎቴን ስጨርስ አምጭልኝ።»

እዚያው ዱካው ላይ ተቀመጥሁ። እሳቸው እየሄዱ ነው። ከበሩ ላይ ዞር ብለው፣ «አፍሽን ጥረጊ» አሉኝ፣ «ልጅ ትመስያለሽ።»

ቀኑን እንዴት እንደገፋሁት አላውቅም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በስስ በስሱ ቆርጬ በሳሕን ወሰድሁ። አማተቡ። እጃቸውን ዘረጉና መለሱት።

«ይንቀጠቀጣል» አሉ። «አጉርሽኝ።»

አጎረስኋቸው። ከእኔ እጅ። ቀስ ብለው አኘኩ፣ ጥርስም የላቸው፤ ጭማቂው በከንፈራቸው ጠርዝ ወረደና በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁላቸው። ዋጡ። እኔ ሁለተኛውን ቁራጭ ይዤ እጠብቃለሁ።

«የኢየሩሳሌሙን አያክልም» አሉ። አፋቸውንም መልሰው ከፈቱ።

ፈንታው ከፍርድ ቤት ገብቶ በራፉ ላይ ቆሞ አየን። ተመልሶ ወጣ። ከላስቲክ ቤቱ ጀርባ ሲናፈጥ ሰማሁት። የሰሞኑ ብርድ ይዞት ነው።

የካቲት 20

ለቄስ ወልደ ሩፋኤል ተናዘዝሁ። በኩራት፣ ሁዳዴ፣ ዓርብ፣ ጩኸት፣ ሁሉንም። ሳላቋርጥ ነገርኋቸው። እሳቸው መስቀላቸውን ይዘው አቀርቅረው ሰሙኝ።

«ከባድ ነው» አሉ። «በጣም ከባድ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሳቸውስ በሉ?»

«በሉ፣ አባ። ዛሬም አምጭልኝ ብለዋል፣ ቀሪውን።»

በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳሉ። ረጅም ሳል ነው። ስግደት ሰጡኝ፤ ብዙ ነው፣ ጉልበቴ ይመስክር እንጂ ቁጥሩን አልጽፈውም።

የካቲት 22፣ ሰኞ

ቅዳሜና እሑድ ስለማይሰገድ ዛሬ ማለዳ ጀመርሁ። በግቢው፣ በጭድ ላይ ምንጣፍ አንጥፌ። እማሆይ በርጩማቸውን አስወጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና መቁጠሪያቸውን አወጡ። በእኔ ስግደት ይቆጥራሉ!

«ይኼ አልተቆጠረም። ግንባርሽ መሬት አልነካም።»

«ነካ፣ እማሆይ!»

«ሻሽሽ ነው የነካ። ድገሚ።»

ብርቄ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «እሰይ! የዱባ ሌባ እንዲህ ትቀጣ!» ትላለች። ሳቅ ያዘኝና መሬት ላይ ተደፍቼ ቀረሁ፤ ያንንም አልቆጠሩልኝም።

ከሰዓት በኋላ ጉልበቴ እንቢ አለ። ቆሜ ስንገዳገድ እማሆይ መቁጠሪያውን ጠቀለሉት።

«ደከመሽ?»

«ደከመኝ።»

«በይ ይብቃ፣ የተረፈው ለነገ ነው። ነይ አረፍ በይ።» አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ፀሐይዋ ወደ ጉና እያዘቀዘቀች ነው፤ ነፋሱ ላስቲኩን ያርገበግበዋል፣ ዛሬ ግን አልተነሣሁም። እማሆይ ወደ ፊት እያዩ፣ እንደ ተራ ነገር፦

«ለመሆኑ ዛሬ ለማታ ምን ሠርተሻል?» አሉኝ።

በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ጠይቀውኝ አያውቁም። «ምስር ወጥ» አልሁ። «ግን ጨው ሳይበዛበት አይቀርም፣ እማሆይ፤ ስግደቱን እያሰብሁ ነው የሠራሁት።»

«ይሁን» አሉ። «ሲመሽ አምጭው።»